ምድጃውን አጥፍተኸዋል?

«እናቴ ትለዋለች፤ ምን ችግር አለው? አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት እኮ» ስትል ነው ልጇን ከኮሪደሩ የሰማቻት። እናት፣ ሰው ሁሉ ባለምድጃዋ የሚላት፣ ጓዳ ቆማ የባሏን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ልጅቷ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሰክታ፣ በሁለት እጇ ከጫማዋ ማሰሪያ ጋር እየታገለች፣ ለዝግጅቱ ኃላፊ ማረጋገጫ ትሰጠዋለች፤ እናቷ ማይክሮፎን እንደማትፈራ፣ ፊት ረድፍ ላይ እንደምትቀመጥ፣ ስትጠራ ብድግ ብላ እንደምትወጣ፣ እንዲያውም ደስ እንደሚላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብቅ አለችና «እማዬ፣ ያንን ሰማያዊውን ልበሺ፤ በካሜራ ያምራል» ብላ ወደ ፀጉር ቤት ሄደች። ስለ ዓረፍተ ነገሯ አላነሳችም። ለእናቷ ሊነገራት የሚገባ ዜና አልመሰላትም። ባለምድጃዋ ኮሌታውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች፤ እጇ የሚሠራውን ግን ዓይኗ አያየውም ነበር።

ዓረፍተ ነገሯ «ምድጃውን አጥፍተኸዋል?» የምትል ናት። ያለ እሷ የጋሽ ቁምነገር ስም አይነሳም። ጋሽ ቁምነገር ባሏ ነው፤ ኮሜዲያን። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ቀልዱን ሁሉ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ቁም ነገር ልንገራችሁ» ብሎ ስለሚጀምር ሕዝቡ በዚያው አስቀረው። ሚስቱንም ባለምድጃዋ ብሎ አስቀራት። እሱ በስሙ እንጀራ በላበት፤ እሷን ግን ማንም አላማከራትም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ የምስጋና ዝግጅት አለው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ መድረክ ይቅርብህ ስላለው ምስጋናም ስንብትም ነው፤ ትኬቱ ካለቀ ሰንብቷል፤ የፊት ረድፉ ዋጋ እሷ መድኃኒት ቤት ስትቀጠር በዓመት ታገኘው ከነበረው ደመወዝ ይበልጣል ይባላል። ያንን ሁሉ ብር የከፈለው ሰው የሚመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ አይደለም። የምድጃዋን ቀልድ ሊሰማ ነው።

ቀልዷ በሰርግ አዳራሽ፣ በመጠጥ ቤት፣ በሬዲዮ፣ በካሴት፣ በቴሌቪዥን፣ አሁን ደግሞ በየሰው ስልክ ላይ ስትነገር ኖራለች። ሚስቱ ምጥ ይይዛታል። አቅፏት ይሮጣል። እጁ ላይ እንዳለች «ምድጃውን አጥፍተኸዋል?» ትለዋለች። አጥፍቻለሁ ይላል፤ አላጠፋም። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ያስተኟታል፤ ሐኪሙ ግፊ ይላታል። «ቆይ ዶክተር፣ ምድጃውን አጥፍተኸዋል?» ሐኪሙ ክው ይልና «እኔ እንኳ ተረኛ ነበርኩ፣ ቤቴ አላደርኩም» እያለ ለራሱ ይሟገታል። ነርሷ ሳትጠየቅ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። በመጨረሻ ልጁ ይወለዳል። አያለቅስም። ጋሽ ቁምነገር እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ አዳራሹም አብሮት ዝም ይላል። ልጁ ዓይኑን ይገልጣል፤ ሐኪሙን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል፣ አባቱን ያያል፤ ያውም በእናቱ አስተያየት። አባት ላብ ያጠምቀዋል። «እሺ ልጄ፣ አላጠፋሁትም» ሲል ያኔ ልጁ ለቅሶውን ያቀልጠዋል። ለቅሶውን የሚያለቅሰው ራሱ ጋሽ ቁምነገር ነው። የአራስ ልጅ ለቅሶ ነው፣ ቁርጥ እሱን፤ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ እናቶች ሳያውቁት እጃቸው ወደ ጡታቸው ይሄዳል።

ባለምድጃዋ ጡረታ እስክትወጣ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆማ ኖራለች። የራስ ምታት ክኒን የሚገዛው፣ የሳል ሽሮፕ የሚገዛው፣ ምንም የማይገዛውም ጭምር በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ዓረፍተ ነገሯን ይላታል። አንዱ እንዲያውም ለምታጣጥር እናቱ ማስታገሻ ሊገዛ መጥቶ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ፣ ማን እንደሆነች ሲያውቅ ፈገግ አለ። «ምድጃውን አጥፍተሽዋል?» አላት፤ ከዚያም ከሰነበተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ እንደሆነ ነግሯት አመሰገናት። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትለዋለች? መድኃኒቱን ጠቅልላ ሰጠችው፤ ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድም ነገረችው። የሥራ ባልደረቦቿ ይህን ሁሉ እንደ ዕድል ይቆጥሩላት ነበር። ባሏ በሕዝብ ፊት ስሟን የሚያነሳላት ሴት ስንት ናት?

እውነቱ እንዲህ ነው። ምጡ እውነት ነው፣ ዓረፍተ ነገሯም እውነት ናት። ሐኪም ቤቱ በር ላይ አንድ ጊዜ ብላዋለች። አላጠፋውም ነበርና ቤቱ እንዳይቃጠል ሊያጠፋ ተመለሰ። መጣሁ ብሎ ሲመጣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ልጁ ወንድ ነው። ፀጉሩ ጥቁርና ሙሉ ነበር። አላለቀሰም። አዋላጇ ገልብጣ መታችው፣ አሸችው፣ እንደገና መታችው፣ ከዚያ ተወችው። እናቱ ጥቂት አቀፈችው። አባቱ ሲደርስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተወስዷል፤ ፊቱን አላየም። ስምም አልወጣለት። ባልና ሚስት ቤታቸው ገቡ፤ እሱ እንዳይጠይቃት ፈራ፣ እሷ እስኪጠይቃት ጠበቀች፤ እንዲሁ እንደተጠባበቁ ፀጉራቸው ሸበተ።

ጋሽ ቁምነገር አዲስ ቀልድ ሲኖረው መጀመሪያ የሚሞክረው በእሷ ላይ ነበር። ዕቃ ስታጥብ ይጠብቃል። ጀርባዋን ሰጥታው እንደቆመች ከበሩ ሆኖ ለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ይጀምራል፤ ጆሮው ቧንቧው ላይ ነው። እጇ ሥራውን ትቶ ውሃው ብቻውን መፍሰስ ከጀመረ ቀልዱ ሠርቷል ማለት ነው፤ ሳህኑ ከተንቋቋ ገና ነው፣ ተመልሶ ያሻሽለዋል። በዚህ መንገድ ያላለፈ ቀልድ መድረክ አይወጣም። የምድጃዋ ብቻ አላለፈችም። ልጁ ከተቀበረ ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ ሰው መሃል ተቀምጣ፣ እንደማንም ትኬት ገዥ ነው የሰማቻት። «አያለቅስም» ብሎ ዝም ሲል የፊቷን ወንበር ጨብጣ ያዘች። ያንን ዝምታ ታውቀዋለች። ከዚያም መድረኩ ላይ ልጁ አለቀሰ። ሳቀች፤ እያነባች ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የምድጃዋ ቀልድ በተባለችበት ሁሉ ትገኝ ነበር፤ ለቅሶውን ለመስማት ብላ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። በኋላ የሰፈር ማቲ ሁሉ ሲያስመስለው፣ ስልክ ሲጠራ ያ ለቅሶ መሰማት ሲጀምር፣ እሱም ከእጇ ወጣ።

ልጅቷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ፣ ቆይታ ነው። ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ዓመት በደስታ እየበረረች መጥታ፣ ምሳ እየበሉ ሳለ «አባዬ፣ የምድጃዋ ልጅ እኔ ነኝ አይደል?» አለች። አባት እናትን አያት። እናት አባትን አየችው። እሷ የጠበቀችው ከእሱ ነው፤ ቀልዱ የእሱ ነውና ያበላሸው እሱ ያስተካክለው ብላ። እሱ ደግሞ ልጁን ያየችው እሷ ናትና እሷ ትንገራት ብሎ ይሆናል። «ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?» አለ በመጨረሻ፣ ሳህኑን እያየ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ልጅቷ ዛሬ ባንክ ትሠራለች፤ የምድጃዋ ልጅ ነኝ ብላ ያልገባችበት ቤት፣ ያልተዋወቀችው ሰው የለም። በዚህም የምትወቀስ አይደለችም።

ሸሚዙን ይዛ ስትገባ ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ካለፈው ዓመት ሕመሙ ወዲህ ግራ እግሩ ይጎተታል፤ ጣቶቹም ቁልፍ መቆለፍ እምቢ ብለዋል። ክንዱን አስገባችለትና ከታች ጀምራ ትቆልፍለት ጀመር። ስለ አየሩ አወሩ። ስለ መኪናው አወሩ፤ የዝግጅቱ ሰዎች ሹፌር ይልካሉ። ደረቱ ጋ ስትደርስ ዓረፍተ ነገሯን በይ እንደተባለች ነገረችው። ሰምቻለሁ አለ፤ ለልጅቷ «ራሷን ጠይቂያት» እንዳላት፣ ልጅቷም «ምኑን እጠይቃታለሁ» ብላ እንደሳቀችበት አከለበት።

«እላታለሁ» አለችው። «አንተም ግን አንድ ነገር ትላለህ።»

«ምን?»

«ወንድ ልጅ ነበረን በል። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን፣ አላለቀሰም በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ኮሌታው ሥር ያለው ቁልፍ እጇ ላይ ቆየ። ከዚያ በፊት ስለ ልጁ በመካከላቸው አንድ ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ እንዲህ እንደ ዋዛ ሸሚዝ ስትቆልፍ ይወጣል ብላ እሷም አላሰበችም።

«ለዚያ ሁሉ ሰው?» አለ።

«ለዚያ ሁሉ ሰው አይደለም እንዴ ያለቀሰው?»

እሺ አለ። ይህን ሰውዬ የመድረክ እሺውንም የቤት እሺውንም ለይታ ታውቃለች፤ ይህ የቤቱ ነበር። ደግሞም ሳትጠይቀው፣ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቃት። ፀጉር ነበረው አለችው። ራሱን ነቀነቀና ክራቫቱን አቀበላት። ሰማያዊውን ቀሚስ ስትለብስ እጇ ቀሎ ነበር፤ መስታወት ፊት ከቀድሞው ዘለግ አድርጋ ቆመች፤ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ወደዚያ አዳራሽ ለመሄድ ቸኮለች ቢባል ውሸት አይሆንም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከመድረኩ ጀርባ የጋሽ ቁምነገር ፎቶ ግድግዳውን ያህል ሆኖ ተሰቅሏል፤ ሠዓሊው ይሁን ኮምፒዩተሩ እንጃ፣ በሕይወቱ ስቆ የማያውቀውን ፊት ጥርሱን እንዲያሳይ አድርገውታል። አንድ የቢሮ ኃላፊ ሌላ ሰው የጻፈለትን ወረቀት አነበበ፤ ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ዘርፉ ዕድገት ብዙ ተናገረ፤ ቀልድ የሚል ቃል ግን አልወጣውም። ወጣቶቹ ኮሜዲያኖች ተራ በተራ እየወጡ አረማመዱን፣ አኮሳተሩን፣ ለቅሶውን አስመሰሉ። አንደኛዋ ልጅ ግን ማስመሰሉን ተወችና እጇን አጣምራ፣ ጋሽ ቁምነገር ደሃ ላይ ቀልደው እንደማያውቁ፣ አካል ጉዳተኛ ላይ ቀልደው እንደማያውቁ፣ የሚያፌዙት ሁልጊዜ በራሳቸው ቤት ላይ ብቻ እንደሆነ፣ እሷም ከዚህ እንደተማረች ተናገረች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በራሳቸው ቤት ላይ ብቻ። ባለምድጃዋም ከፊት ረድፍ ላይ ሆና አጨበጨበች፤ ካሜራው እሷ ላይ ነበር።

ከሁሉም በኋላ አንድ ሸበቶ ሰውዬ በዱላ እየተደገፈ ወጣ። ሰው ጮክ ብሎ ለመናገር በሚፈራበት በዚያ ክፉ ዘመን ታስሮ እንደነበር ተናገረ። ማታ ማታ በግድግዳ በኩል ከክፍል ወደ ክፍል የምድጃዋን ቀልድ ይቀባበሉ ነበር። አንዱ ክፍል ምጡን፣ ቀጣዩ ሐኪሙን፣ ለቅሶው ሲደርስ ደግሞ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው እስረኛ ነበር የሚያለቅሰው። ውጭ የቆመው ጠባቂ አፉን በእጁ አፍኖ ሲስቅ ይሰሙታል። «ያ ልጅ ባያለቅስ ኖሮ እኛ አንወጣም ነበር» አለ ሰውዬው፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም፣ ደግፈው አወረዱት። ባለምድጃዋ በዓይኗ ሸኘችው። ባሏ በሥራው ታላቅ ሰው መሆኑን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ ሌላው ሰው የሚያውቀው ሳቁን ነው፣ እሷ ግን ከሳቁ በፊት ያለውን ታውቃለች። የመጨረሻው ረድፍ ካልሳቀ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ አንዲት ቃል ቦታዋን እንድትይዝ ሳምንት እንደሚያሰላስል፣ ከመድረክ ወርዶ «የቱ ጋ ቀዘቀዘ?» ብሎ እንደሚጠይቃት፣ እሷም ያለ ይሉኝታ እንደምትነግረው። ያ እስረኛ የተናገረውን እየሰማች እንዴት ነው ያቺን ቀልድ የምትጠላት? ግን ደግሞ ጠልታታለች። ሁለቱም ባንድ ላይ ደረቷ ላይ ተቀመጡ።

ቀጥሎ የዝግጅቱ ደጋፊ የሆነው የቤት ዕቃ ነጋዴ ስጦታውን አስገባ። አራት ሰዎች ተሸክመው ያመጡት፣ ቀይ ሪባን የታሰረበት አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ከነመጋገሪያው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። መድረክ መሪው «እንግዲህ ይህን ማን ያጥፋው?» አለና ወደ እሷ ዞረ። ልጇ ከወንበሯ አስነሳቻት፣ የቀሚሷን ጀርባ አስተካከለችላት፣ ጉንጯን ሳመቻት። ደረጃውን ስትወጣ ባሏ ከክብር ወንበሩ ሆኖ አያት፤ ልብ ብሎ ነው ያያት። ማይክሮፎኑን አፏ ሥር አደረጉላት። ይህን ሁሉ ሕዝብ ከዚህ ሆና አይታው አታውቅም፤ እሱ በየሳምንቱ የሚያየው ይህንን ነው ለካ። ዓረፍተ ነገሯን አለቻት። ድምፁ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ያ የሐኪም ቤት በር ፊቷ ድቅን አለ፤ ሕዝቡ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ ግን ምንም አልሰማትም። የእሷን ድርሻ ተወጥታለች። ከመድረኩ ወርዳ ተቀመጠች፤ አሁን የእሱ ተራ ነው።

ጋሽ ቁምነገር ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሣ፤ ማንም እንዳይደግፈው በእጁ ከለከለ። የተዘጋጀ ወረቀት አልነበረውም። ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርስ የአርባ ዓመት ልማድ ነውና ከአፉ የወጣው «ቁም ነገር ልንገራችሁ» የሚለው ሆነ። ሕዝቡ ሳቀ። እጁን አነሣ። «አይ፤ ዛሬ እውነተኛ ቁም ነገር ነው» አለ። ባሰባቸው። እስኪያበቁ ጠበቀ። ሚስቱን ፈለጋት፣ አገኛት፣ ዓይኑን እሷ ላይ እንዳደረገ ተናገረ።

«ከዚህች ከልጄ በፊት» አለ፣ «ወንድ ልጅ ነበረን።»

አለው። አፉን ሞልቶ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አለው። ባለምድጃዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጇ ከጎኗ አንገቷን አስግጋ አባቷን እያየች ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ የአየር ማራገቢያው ብቻ ነበር።

«አላለቀሰም።»

ከኋላ፣ ከመጨረሻዎቹ ረድፎች፣ አንድ ሰው ሳቀ። ክፋት የለውም፤ የዋህ ሳቅ ነው። «አላለቀሰም» ማለት ለዚህ ሕዝብ ምን እንደሆነ ታውቋል፤ ሳቅ የሚዘጋጅበት ቦታ ነው፣ እንዲህ ብሎ ያስተማራቸው ራሱ ነው። ሌላው ተከተለው፤ ከዚያም ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ያኔ ባሏ ጆሮውን ወደ ኋለኛው ረድፍ ጣል ሲያደርግ አየችው። ጀርባው ቀና አለ። ዓይኑ ከእሷ ላይ ተነሥቶ ሕዝቡ ላይ አረፈ። አፉን ከመክፈቱ በፊት ገብቷታል። «ተው» አለች በሹክሹክታ፤ ከልጇ በቀር የሰማት የለም፣ ልጇም የሳቅ መስሏት ክንዷን ጨበጠቻት።

«እስከ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው» አለ ጋሽ ቁምነገር። ቆየ። እንደቀድሞው አድርጎ፣ ልክ እንደሚገባው ያህል ቆየ። «ያኔ ነው የኔ ልጅ መሆኑን ያረጋገጥኩት። እኔም እዚያ ቤት እስከ ዛሬ የመናገር ተራ አልደረሰኝም።»

አዳራሹ ምን እንደሆነ ለመናገር ይቸግራል። ሰው ወንበር ላይ ተደፋ፤ ሰው የማያውቀውን ሰው ትከሻ ይዞ ሳቀ። የቢሮ ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ያ ሸበቶ እስረኛ ሳይቀር ዱላውን መሬት ላይ እየመታ ይስቃል። ትልቁ ስክሪን የባለምድጃዋን ፊት አሳየ፤ በሰማያዊ ቀሚስ፣ ፍንክች ሳትል፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ሕዝቡ ፊቷን ሲያይ ደግሞ አዲስ ሳቅ ፈነዳ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ይህን ልትክደው አትችልም፤ ጥሩ ቀልድ ከመጥፎ የምትለይ ሴት ናት፤ ዕቃ እያጠበች ቢነግራት ኖሮ እጇ ይቆም ነበር። አንጀቷን የበላትም ይኸው ነው። በዚያ ቤት አርባ ዓመት ዝም ያለችው ማን እንደሆነች አምላክ ያውቃል፤ ወንዱን ልጇን ግን ዝም ያሰኙት ዛሬ ነው፣ ከነጭራሹ።

ሲወጡ የእጅ መጨበጥ ብዛት መከራ ነበር። ሁሉም እሷን እያቀፈ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። ባሏ ከሰው ሰው እየተቀባበሉ ሲያመጡት አጠገቧ ደረሰ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የቱ ጋ ቀዘቀዘ ብሎ ይጠይቃት ነበር። ዛሬ አልጠየቃትም። ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ ቀየረና ሹፌሩ የት እንዳለ ጠየቀ።

መኪናው ሲነሣ ፀሐይዋ ገና ልትጠልቅ ነው። ለእግሩ እንዲመቸው እሱ ከፊት ተቀመጠ፤ እናትና ልጅ ከኋላ ሆኑ፣ በመካከላቸው አንድ ትልቅ እቅፍ አበባ አለ። ምድጃው በሌላ መኪና ነገ ይመጣል ተብሏል። ልጅቷ ስልኳን ከፍታ ስለ አባቷ የተጻፈውን እያነበበች፣ ማን ምን እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደተቀባበለው ትነግራቸዋለች። ሹፌሩም በመሃል እየገባ ያቺን የመናገር ተራ አልደረሰኝም የምትለዋን ይደግማታል፤ ለሚስቱ ዛሬውኑ እንደሚነግራት ቃል ገባ።

«አባዬ፣ ያንን የወንድ ልጁን ከየት አመጣኸው?» አለች ልጅቷ። «ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ።»

እንዲሁ መጣልኝ አላት፣ በመስኮት እያየ። መኪናው መብራት ላይ ቆመ። ባለምድጃዋ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ምንም አልጠየቃትም፤ አሁንም የጠየቃት የለም።

«እንዲሁ አልመጣለትም» አለች። «ወንድም ነበረሽ። ካንቺ በፊት ተወልዶ ነበር። አላለቀሰም።»

ልጅቷ ከስልኳ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። የእናቷ ፊት ኮስተር ብሏል፤ ዓይኗ ከዓይኗ አይነቀልም። ለአንድ አፍታ የልጅቷ ከንፈር ገርበብ ብሎ ቀረ፤ የሆነ ነገር ልትጠይቅ ይመስል። ከዚያ ከሆዷ የወጣ ሳቅ አመለጣት። «እማዬ፣ አንቺም ጀመርሽ?» አለች፤ ጭኗን እየመታች ሳቀች፤ ሹፌሩም በመስታወቱ እያያቸው ሳቀ።

ባለምድጃዋ ወደ ፊት ተጠግታ እጇን በባሏ ወንበር መደገፊያ ላይ አደረገች። ማጅራቱን፣ ጠዋት ራሷ የተኮሰችውን ኮሌታ ታያለች።

«ንገራት» አለችው።

መብራቱ ተለቀቀ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ፣ መንገዱን እስኪይዝ ድረስ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታውን በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ግን በቤት ውስጥም አይታዋለችና የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

«አላልኩሽም ልጄ?» አለ ሳይዞር። «ከኔ የምትበልጠው እናትሽ ናት። አየሻት አይደል፣ ፊቷን እንኳ ሳትፈታ።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ልጅቷ ግን እየሳቀች ስለነበር አልሰማችውም። አበባውን ከመካከላቸው አንሥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችና አጨበጨበችላት። ሹፌሩም ሁለቱንም እጆቹን ለአፍታ ከመሪው ለቀቀና አጨበጨበ። ባለምድጃዋ ወንበሯን ተደግፋ፣ አበባው እንዳይወድቅ በሁለት እጇ ያዘችው።